ሬንጅፋይንደር ያለው ያገለገለ 4 በ 5 ካሜራ፦ የትኛውን ልግዛ፣ ምኑን ልፈትሽ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ለዓመታት በ35 ሚሊ ሜትርና በ120 ፊልም ስሠራ ቆይቻለሁ። አሁን ወደ 4 በ 5 ኢንች ፊልም መሻገር አምሮኛል። የማነሳው በብዛት ሰው ነው፤ ያውም ትሪፖድ ሳልተክል፣ በእጄ ይዤ። ለዚህ ብዬ ሬንጅፋይንደር ያለው ያገለገለ ካሜራ እያፈላለግኩ ነው። ስፒድ ግራፊክ፣ ክራውን ግራፊክ፣ ሊንሆፍ ቴክኒካ፣ ቡሽ ፕረስማን... ስሙ በዛብኝ። የትኛውን ልግዛ? ከመክፈሌ በፊትስ ምን ልፈትሽ?»

ስም ከበዛብህ እኔም ከስም አልጀምርም። እነዚህ ካሜራዎች አብዛኞቹ ያረጁ ናቸው። አንተ ጋ የሚደርሱት ሁለትና ሦስት ሰው ከተጠቀመባቸው በኋላ ነው። በመሀል አንዱ ሌንሱን ቀይሯል፣ አንዱ መስታወቱ ተሰብሮበት ሌላ አስገብቷል፣ አንዱ ደግሞ ብሎኑን ፈትቶ በግምት መልሶ አስሯል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ካሜራዎች ፈጽሞ የተለያየ ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ። ያገለገለ ካሜራ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማየው አንድ ነገር ነው። ሬንጅፋይንደሩ፣ ማለትም ፎከስ መያዙን በመስኮት የሚያሳይህ መሣሪያ፣ አሁን ከተገጠመው ሌንስ ጋር ይስማማል ወይ? ከተስማማ ሌላው ጉድለት አብዛኛው የሚጠገን ነው። ካልተስማማ የገዛኸው ከባድ የትሪፖድ ካሜራ ነው።

ለምን በዚህ ነገር እንደማከርር በቁጥር ላሳይህ። በ35 ሚሊ ሜትር ካሜራህ 50 ሌንስ ኤፍ 5.6 ላይ አድርገህ 2 ሜትር ላይ የቆመ ሰው ስታነሳ፣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት ግማሽ ሜትር ገደማ ነው። ሰውየው ትንሽ ቢወዛወዝ፣ አንተም ትንሽ ብትስት ያልፍልሃል። 4 በ 5 ላይ መደበኛ የሚባለው ሌንስ 150 ሚሊ ሜትር ነው። በዚያው ኤፍ 5.6፣ በዚያው 2 ሜትር፣ ጥልቀቱ ወደ 18 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ በለው። ሬንጅፋይንደሩ አንድ ስንዝር እንኳ ሳይሞላ ከሳተ ዓይኑ ደብዝዞ ጆሮው ይጠራል። የሰው ፎቶ ደግሞ ዓይኑ ከደበዘዘ አለቀ።

አሠራሩን ካወቅክ ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ወዲያው ይገባሃል። ሬንጅፋይንደር ሁለት መስኮት አለው። በሁለቱ የገባው ምስል በመስታወት ተመልሶ ዓይንህ ላይ ይደራረባል። ሌንሱን በሐዲዱ ላይ ስትነዳው አንዷ መስታወት ቀስ እያለች ትዞራለች። ሁለቱ ምስሎች አንድ ሲሆኑ ፎከስ ያዘ ማለት ነው። እስከዚህ ቀላል ነው። ጣጣው ያለው የሐዲዱን ጉዞ ወደ መስታወቷ የሚያስተላልፈው ዘንግ ላይ ነው፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሌንስ የሚጓዘው ርቀት ይለያያል። 135 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከኢንፊኒቲ (እጅግ ሩቅ ላይ ከማተኮር) ተነስቶ 2 ሜትር ላይ ለማተኮር 9.8 ሚሊ ሜትር ያህል ወደፊት መውጣት አለበት። 127 ሌንስ ግን 8.6 ያህል ይበቃዋል። ልዩነቱ 1.2 ሚሊ ሜትር ነው። ኢምንት ይመስላል፤ ግን ኤፍ 4.7 ላይ ፊልሙ የሚታገሰው ስህተት በአንድ ወገን ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ለ135 የተስተካከለ ሬንጅፋይንደር ላይ 127 ሌንስ ተገጥሞ ብታገኘው ሩቅ ላይ ልክ ነው፣ ሰው ላይ ይስታል።

ብዙ ገዢ የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ሻጩ በመስኮት ሩቅ ያለ ሕንጻ አይቶ «ሬንጅፋይንደሩ ልክ ነው» ይልሃል። አልዋሸህም። ግን አንተ የምታነሳው 2 ሜትር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ሁሌም በቅርብ ርቀት እንዲፈተሽልህ ጠይቅ።

እኔ ራሴ ይህን ያወቅሁት ገንዘብና ፊልም ካወጣሁ በኋላ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሊንሆፍ ቴክኒካ 3 ከሦስት ሌንስና ከሦስት ካም ጋር ገዛሁ። ካም ማለት ዳር ዳሩ በልክ ተሞርዶ የተሠራ ትንሽ የብረት ቁራጭ ነው። ሌንሱ ሲሄድ አንድ ክንድ በላዩ ላይ እየተንሸራተተ ሬንጅፋይንደሩን ያዞራል። ካሞቹ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ሌንሶቹ ላይ ካለው ጋር አንድ ነበር። በዚያ ተማመንኩ። 12 ፊልም የሰው ፎቶ አንስቼ ሳጥብ አንዱም ዓይን ላይ አልነበረም፤ ሁሉም ወደ ኋላ ሄዷል። ለካ በቴክኒካ 3 ካሙ የሚሠራው ለሌንሱና ለዚያው ካሜራ አካል አንድ ላይ ነው። ሌንሶቹና ካሞቹ አብረው የኖሩ ናቸው፤ አካሉ ግን ከሌላ ቦታ የመጣ ነበር። ሻጩም አላወቀም። የሦስቱ ቁጥር መግጠሙን ሳላረጋግጥ ዳግመኛ ቴክኒካ 3 አልነካም።

ወደ ምርጫው ልምጣ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ በቅንነት ለራስህ መልስ። የምር በእጅ ይዘህ ነው የምታነሳው? ትሪፖድ ላይ ከሆነ ከኋላ ያለው፣ ምስሉ የሚያርፍበት የፎከስ መስታወት ከማንኛውም ሬንጅፋይንደር ይበልጣል። ሌንሱን ስታዘነብል ወይም ስታጣምም ደግሞ ሬንጅፋይንደሩ የሚነግርህ ነገር ትርጉም የለውም። በጣም ቅርብ ስትሆንም እንደዚያው። ለመልክዓ ምድርና ለሕንጻ ከሆነ ሬንጅፋይንደር የሌለው ቀላል የእንጨት ካሜራ ግዛና ትከሻህን አሳርፍ። አንተ ግን ሰው፣ በእጅ ብለሃል። ስለዚህ እንቀጥል።

ለአንተ በመጀመሪያ የማስበው ክራውን ግራፊክን ነው። የአሜሪካው ግራፍሌክስ ኩባንያ ፔስሜከር የሚባለውን ተከታታይ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። በውስጡ ሁለት ወንድማማቾች አሉ፤ ስፒድና ክራውን። ከውጭ ሲታዩ መንታ ይመስላሉ። ልዩነታቸው ስፒድ ከሌንሱ ሻተር (ብርሃን ከሚከፍተውና ከሚዘጋው በር) ሌላ ከኋላ፣ ፊልሙ ፊት ለፊት፣ እስከ 1/1000 ሰከንድ የሚደርስ የጨርቅ መጋረጃ ሻተር ያለው መሆኑ ነው። ክራውን ይህ የለውም። ስለዚህ ቀጠን ይላል፣ ይቀላል፣ የሚበላሽበትም ነገር ያንሳል። ሰፊ ሌንስ ለመግጠምም ክራውን ይመቻል፤ የኋላ ሻተሩ ቦታ ስለማይሻማው።

ስፒድ ታሪኩ ትልቅ ነው። ጆ ሮዘንታል እ.ኤ.አ. በ1945 ኢዎ ጂማ ላይ ባንዲራ ሲተከል ያነሳው ፎቶ የተነሳው በስፒድ ግራፊክ ነው። ይህ ግን አንተ እንድትገዛው ምክንያት አይሆንም። ስፒድን መምረጥ ያለብህ የራሱ ሻተር የሌለው ሌንስ መግጠም ከፈለግክ ነው። ለምሳሌ ኤሮ ኤክታር 178 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.5 የሚባለው የጦር አውሮፕላን ሌንስ ሻተር ስለሌለው ስፒድ ላይ ይገጥሙታል። የሚሰጠው ምስል በጣም ያምራል፤ መስታወቱ ግን ቶሪየም ስላለበት ጨረር ያወጣል፣ በዕድሜም ብዛት ቢጫ ይሆናል። ለመጀመሪያ ካሜራ አልመክርህም። ስፒድ ከገዛህ ደግሞ ከፊት ባለው ሻተር ስትሠራ የኋላው መጋረጃ ክፍት ሆኖ መቀመጥ እንዳለበት አትርሳ። ከረሳኸው የፊቱ ሻተር ደህና ቀጭ ይልልሃል፣ ፊልሙ ግን ባዶውን ይወጣል።

አሁን እነዚህ ግራፊኮች ላይ ያለውን ሬንጅፋይንደር ለይተህ እወቅ። ዓይነቱ ሁለት ነው ማለት ይቻላል። አንደኛው ጎን ላይ የተለጠፈው ካላርት ነው። ይህ ካም የለውም፤ በውስጡ ባሉ ብሎኖችና ክንዶች ለአንድ ሌንስ ይስተካከላል። ሌንስ ከቀየርክ እንደገና ማስተካከል አለብህ። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ማንም ረጋ ያለ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊሠራው ይችላል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ የመጣው ከላይ ያለው ነው። ይህ በላይኛው ሳጥን ውስጥ የሚቀያየር ካም አለው። ካሙ ላይ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ለተገጠመው ሌንስ መሆኑን አረጋግጥ። ካሙ ከጠፋ ወይም የሌላ ሌንስ ከሆነ ተስማሚውን ፍለጋ ብዙ ልትንከራተት ትችላለህ። ብዙ ሰው የላዩ ያለው አዲስ ስለሆነ ይሻላል ይላል። እኔ አንድ ሌንስ ብቻ ለሚጠቀም ሰው ካላርቱን አልንቅም። ካም ፍለጋ ከመሮጥ ካቻቢቴ ማንሳት ይቀለኛል።

ሐዲዱ ላይ ያሉትን ትንንሽ ማቆሚያዎችም እያቸው። ሌንሱ ወጥቶ የሚቆምበትን የኢንፊኒቲ ቦታ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። አንዳንዱ ባለቤት ሌንስ ሲቀይር ያንቀሳቅሳቸዋል። እነሱ ከቦታቸው ከሄዱ ሬንጅፋይንደሩ ምንም ቢያምር መነሻው ተዛብቷል።

ሌንሶቹን በተመለከተ፣ ግራፊክ ላይ በብዛት የምታገኘው ኮዳክ ኤክታር 127 ኤፍ 4.7፣ ሽናይደር ዜናር 135 ኤፍ 4.7 ወይም ግራፍሌክስ ኦፕታር 135 ኤፍ 4.7 ነው። ሦስቱም ጥሩ ናቸው። በመካከላቸው ስላለው የጥራት ልዩነት የሚጻፈውን ክርክር ብትዘለው ምንም አይቀርብህም፤ ለሰው ፎቶ የሌንሱ ንጽሕና ከስሙ ይበልጣል። ኤክታር ከገጠመህ አንድ ደስ የሚል ነገር አለው። ከቁጥሩ ፊት ያሉት ሁለት ፊደላት የተሠራበትን ዓመት ይነግሩሃል። ኮዳክ «ካሜሮሲቲ» (CAMEROSITY) የሚለውን ቃል አሥሩን የእንግሊዝኛ ፊደላት ከ1 እስከ 9፣ መጨረሻ ላይ 0 አድርጎ ሰጥቷቸዋል። ሁለቱን ፊደል ወደ ቁጥር ስትመልሳቸው የዓመቱን የመጨረሻ ሁለት አኃዞች ታገኛለህ።

ሱፐር ግራፊክ የሚባለውም አለ። አካሉ ብረት ነው፣ ጀርባው ይሽከረከራል፣ ፊቱም ከክራውን በተሻለ ይንቀሳቀሳል። ሻተሩን በባትሪ የሚለቅ የኤሌክትሪክ ቁልፍ ነበረው፤ ያ ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ነው የምታገኘው። ግድ የለም፣ ያለሱ ይሠራል። በእጅ ይዘህ ፎቶውን ወደ ቁመት ማዞር ስትፈልግ ካሜራውን ሳትገለብጥ ጀርባውን ብቻ ማዞር ትልቅ ምቾት ነው። ንጹሕ ካገኘህ ከክራውን አስቀድመው።

ቡሽ ፕረስማን ዲ ደግሞ ጠንካራ የብረት ካሜራ ነው። ጀርባው ይሽከረከራል። ግራፍሎክ ጀርባ ግን የለውም፤ ለምን እንደሚያሳስበኝ ወደ በኋላ እነግርሃለሁ። የቀድሞ ፖላሮይድ 110ኤ እና 110ቢ ወደ 4 በ 5 ተቀይረውም ታገኛለህ። 127 ሚሊ ሜትር ኤፍ 4.7 ይዛሬክስ የሚባል ጥሩ ሌንስ አላቸው፣ በእጅ ለመያዝም ከሁሉ ይመቻሉ፤ 110ቢ ላይ ሬንጅፋይንደሩና የመመልከቻው መስኮት አንድ ስለሆነ ዓይንህን ከአንዱ ወደ ሌላው አታመላልስም። የካሜራው ልክነት ግን ሙሉ በሙሉ በቀየረው ሰው እጅ ላይ ነው። የእሱ ሥራ ውጤት የሆኑ ኔጋቲቮችን ሳላይ አልገዛም።

ቴክኒካ የጌቶች ካሜራ ነው፣ አልክድም። ሐዲዱ ሳይንገጫገጭ ይሄዳል፣ ጀርባው ተስቦ ይዘነበላል፣ የሚሽከረከር ነው፣ ሁሉም ነገር በሥርዓት ይቆለፋል። ብዙ ሌንስ ለመጠቀም ካሰብክና ገንዘቡ ካለህ እ.ኤ.አ. በ1963 የመጣውን ቴክኒካ 5 ወይም ከእሱ በኋላ የመጣውን ማስተር ቴክኒካ ተመልከት። ለእነዚህ ካሙ የሚሠራው ለሌንሱ ነው፤ ስለዚህ ሌንስና ካም አብረው ከመጡ ከአንዱ አካል ወደ ሌላው ይሄዳሉ። የቴክኒካ 3 የሌንስ ሰሌዳ ከ4 እና ከ5 ጋር እንደማይገጥምም ልብ በል። ማስተር ቴክኒካ 2000 እና 3000 ደግሞ ስማቸው ቢመሳሰልም ሬንጅፋይንደር የላቸውም። በእጅ ሲያዝ ግን ቴክኒካ ይከብዳል። ግማሽ ቀን ይዘኸው ስትዞር ክንድህ ይነግርሃል። ለአንድ ሌንስና ለሰው ፎቶ ብቻ ይህን ሁሉ ብረት መሸከም አያስፈልግህም።

ዋጋ ከመነጋገርህ በፊት የፊልሙን መጠን ጠይቅ። ቀልድ እንዳይመስልህ። ግራፊኮች በ2¼ በ 3¼ እና በ3¼ በ 4¼ ኢንችም ተሠርተዋል። በፎቶ ብቻ ሲታዩ ከ4 በ 5 ለመለየት ያስቸግራሉ። በተለይ ለ3¼ በ 4¼ ፊልም ማግኘት ፈተና ነው። ዋጋው ተወዳዳሪ የሌለው ርካሽ የመሰለህ ካሜራ አንዳንዴ ምክንያቱ ይህ ነው።

አሁን ጀርባውን። ግራፍሎክ የሚባለው ጀርባ እ.ኤ.አ. በ1949 የመጣ ነው። የፎከስ መስታወቱ ከነክፈፉ ይወልቃል፤ በምትኩ የ120 ጥቅል ፊልም መያዣ በሁለት ተንሸራታች ብረቶች ታስረዋለህ። አንተ 120 ስለለመድክ ይህ በጣም ይጠቅምሃል፤ ካሜራውን እስክትለምድ በርካሽ ትለማመድበታለህ። ከእሱ በፊት የነበረው የስፕሪንግ ጀርባ ተራውን የ4 በ 5 መያዣ ይቀበላል፣ ወፍራም ነገር ግን አይገባበትም። ሦስተኛው ዓይነት ነው አደገኛው። ስሙ «ግራፍሌክስ ጀርባ» ይባላል። ስሙ ከግራፍሎክ ጋር በጣም ይቀራረባል፤ ግን የራሱን ለየት ያለ መያዣ ነው የሚፈልገው፣ ተራው አይሠራበትም። ሻጩ ሁለቱን ስሞች ሊያምታታ ይችላል። ስለዚህ ስሙን ትተህ የጀርባውን ፎቶ ጠይቅ፣ መስታወቱ ወልቆም ተገጥሞም።

ፍተሻው ላይ ጊዜ ውሰድ። ሦስት ነገሮች አንድ ቦታ ላይ መገናኘት አለባቸው፦ ሬንጅፋይንደሩ፣ የፎከስ መስታወቱና ፊልሙ። ሰው ሁሉ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ያስተያይና ሦስተኛውን ይረሳዋል።

ካሜራውን ትሪፖድ ላይ አድርግ። ሌንሱን እስከ መጨረሻው ክፈት። መጀመሪያ በጣም ሩቅ ያለ ነገር በመስታወቱ ላይ በአጉሊ መነጽር አተኩር፤ ከዚያ ምንም ሳትነካ በሬንጅፋይንደሩ እይ። ሁለቱ ምስሎች አንድ ላይ ናቸው? ቀጥለህ 2 ሜትር ላይ አምስት መጽሐፍ በሰያፍ አቁም፣ በመካከላቸው 5 ሴንቲ ሜትር እየተውክ። አሁን በተቃራኒው ሂድ። በሬንጅፋይንደሩ መካከለኛው መጽሐፍ ላይ አተኩርና መስታወቱን እይ። ጥርት ያለው መካከለኛው ነው ወይስ ጎረቤቱ? ደጋግመው። አንድ ጊዜ ከሩቅ፣ አንድ ጊዜ ከቅርብ እየመጣህ አድርገው፤ ውጤቱ ከተለያየ ክንዱ ወይም ሐዲዱ ላልቷል ማለት ነው። ኢንፊኒቲ ልክ ሆኖ ቅርቡ ከሳተ የካም ወይም የማስተካከያ ጉዳይ ነው። ሁለቱም እኩል ከሳቱ ማቆሚያዎቹን ጠርጥር።

መስታወቱ ራሱ ልክ መሆኑንስ በምን ታውቃለህ? ደረጃውን የጠበቀ የ4 በ 5 መያዣ ውስጥ ፊልሙ የሚቀመጠው ከመያዣው ፊት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ነው። መስታወቱም ከክፈፉ ያንኑ ያህል መግባት አለበት። ሸካራው ገጹ ወደ ሌንሱ መዞር አለበት፤ ተገልብጦ ያገኘሁት ካሜራ ከአንድም ሁለት ነው። ከዚያ ፍሬኔል የሚባለው ምስሉን የሚያደምቀው ቀጭን ፕላስቲክ አለ። ግራፍሌክስ ኤክታላይት ብሎ ከፋብሪካው ያስገባው ከመስታወቱ ፊት፣ በሌንሱ በኩል ነው የሚቀመጠው፤ የክፈፉ ልክም ያንን አስቦ ነው የተሠራው። አንዱ የድሮ ባለቤት «ቧጨረኝ» ብሎ አውጥቶ ከጣለው መስታወቱ ከፊልሙ ጋር መስማማቱ ይቀራል። በተቃራኒው ላልነበረው ካሜራ ከፊት ከጨመረበትም ያው ነው። ይህንን በዓይን ለመለየት ስለሚያስቸግር የመጨረሻው ዳኛ ፊልም ነው። እነዚያኑ መጽሐፎች በሁለት ፊልም አንሳ፤ አንዱን በሬንጅፋይንደር፣ አንዱን በመስታወት አተኩረህ። ሲታጠቡ ማን እንደሳተ ይለያል።

የሬንጅፋይንደሩ ምስል ራሱ ከደበዘዘ ብዙ አትደንግጥ። በውስጡ ያለችው ግማሽ መስታወት ብሯ በዕድሜ ይለቃል፤ ትቀየራለች። ሁለቱ ምስሎች ወደ ላይና ወደ ታች ከተለያዩም የሚስተካከል ነው። መስታወቷ ተሰብራ ወይም ክንዱ ተጣሞ ከሆነ ግን እለፈው።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበልህ። ቤሎውን፣ ያንን እንደ ወናፍ የሚተጣጠፈውን፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሙሉ በሙሉ ዘርጋና የእጅ ባትሪ ውስጡ አስገብተህ ዞር ዞር አድርገው። ቀዳዳ ካለ እንደ ኮከብ ይታይሃል። ማዕዘኖቹን በተለይ እይ። አንድ ሁለት ቀዳዳ ይደፈናል፤ ማዕዘኑ ሁሉ ከተነቃቀለ አዲስ ቤሎው ነው የምትፈልገው። ሻተሩን 1 ሰከንድ ላይ አድርገህ አዳምጥ። መሀል ላይ ከተንተባተበ ወይም ከቆመ ቅባቱ ደርቋል፣ ጽዳት ይፈልጋል። ለሰው ፎቶ በእጅ ስትሠራ የምትጠቀመው ከ1/60 እስከ 1/250 ያለውን ስለሆነ የዘገየ 1 ሰከንድ ብቻውን ካሜራውን አያስጥልህም። ለፍላሽ ኤክስ የሚል ምልክት መኖሩን እይ፤ ኤም የሚለው ለድሮው የሚቃጠል አምፖል ነው። ሌንሱን በብርሃን አሳልፈህ ተመልከት። ጭረት ጥቂት ከሆነ ፎቶ ላይ አይታይም። ሻጋታና ጉም ግን ሌላ ነገር ነው። ጉሙ ከውስጥ ገጹ ላይ ከሆነ ይጸዳል፤ ሻጋታው መስታወቱን ከበላው አይመለስም።

ካሜራውን በአካል ማየት ካልቻልክ ሻጩን አጭር ቪዲዮ ለምነው። ሌንሱን በሐዲዱ ላይ እየነዳ በሬንጅፋይንደሩ መስኮት በኩል ስልኩን አስጠግቶ ይቅረጽልህ። ሁለቱ ምስሎች ሲቀራረቡና ሲገናኙ ማየት አለብህ። ከዚያ ካሙ ላይ ያለውን ቁጥር፣ የሌንሱን ስምና ልክ፣ የማቆሚያዎቹን ቦታ በፎቶ ጠይቅ። ይህን ሁሉ ያለ ማጉረምረም የላከልህ ሰው ብዙውን ጊዜ ካሜራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ትንሽ ጨመር አድርገህም ቢሆን ከእሱ ግዛ።

እኔ አንተን ብሆን ንጹሕ ክራውን ግራፊክ፣ ግራፍሎክ ጀርባ ያለው፣ 135 ዜናር ወይም ኦፕታር የተገጠመለት፣ ሬንጅፋይንደሩ ለዚያው ሌንስ የተስተካከለ እፈልግ ነበር። ተጨማሪ ሌንስ ለስድስት ወር አላስብም። ፊልሙን አይኤስኦ 400 አድርገው፤ ኤችፒ5 ፕላስ ለዚህ ይመቻል፣ ደመናማ ቀን ላይም ኤፍ 8 እና 1/125 ይሰጥሃል። ያ ማለት ከላይ ካልኩህ 18 ሴንቲ ሜትር ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ታተርፋለህ። በእጅ ስትይዘው ክርንህን ጎንህ ላይ አስደግፍ። አተኩረህ ከጨረስክ በኋላ አንተም ሰውየውም እንዳትንቀሳቀሱ፤ ወደፊት ወይም ወደኋላ በትንሹ ዘንበል ማለት እንኳ ፎከሱን ያሳጣሃል። እኔ ሰውየውን ወንበር ላይ አስቀምጬ ጀርባውን እንዲደገፍ አደርገዋለሁ።

ካሜራው ሲደርስህ የመጽሐፎቹን ፈተና መጀመሪያ ሥራ። ኔጋቲቩ ላይ ከመካከለኛው ይልቅ የትኛው መጽሐፍ ጥርት እንዳለ፣ በስንት ሴንቲ ሜትር እንደሳተ፣ ሬንጅፋይንደሩም ካላርት ይሁን የላዩ ጻፍልኝ። ካላርት ከሆነ የትኛውን ብሎን ወደየት እንደምታዞር ደረጃ በደረጃ እነግርሃለሁ።